የናጅዋ ካቻቢቴ

ጥር 5፣ ሰኞ

ከደብረ ሲና ቁልቁል እስከ ካራቆሬ ድረስ እኔ ያልጠገንኩት የውሃ ሞተር የለም። አንድም የለም።

እሺ... ሦስት አለ። አንዱ ወንዝ ውስጥ የገባ ነው፣ እሱ አይቆጠርም። ሁለተኛው፣ ባለቤቱ አስቸገረኝ እንጂ ሞተሩ አላስቸገረኝም። ሦስተኛው... ሦስተኛውን ተወው።

ይህን የምጽፈው መምህር ተሻለ ስላዘዘን ነው። የማታ ትምህርቱን ጨርሳችኋል፣ እንዳይጠፋችሁ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጻፉ አለን። አምና በአውራ ጣቴ ነበር የምፈርመው። ዛሬ ወደ ደሴ የሚያልፈው መኪና ጀርባው ላይ የተጻፈውን ሁሉ አነባለሁ። ቀስ ብሎ የሚሄድ ከሆነ።

ዛሬ ሦስት ሞተር ሠራሁ። የሸዋ ሮቢት ሙቀት አናት ይበሳል። ሽንኩርቱ ውሃ ይፈልጋል፣ ገበሬው እኔን ይፈልጋል። ባለቤቴ ሩቅያ ሳሙና ይዘህ ግባ ብላኝ ነበር። ረሳሁ።

ናጅዋ ዛሬም ከክፍሏ አልወጣችም።

ጥር 7

ስለ ናጅዋ ልጻፍ እንዴ? ማን ያነበዋል? ሩቅያ ማንበብ ትችላለች፣ ግን የኔን ጽሕፈት ስታይ ዶሮ ጫረው ወይ ትላለች። ስለዚህ ልጻፍ።

የእህቴ ልጅ ናት። አጣዬ የተቃጠለ ጊዜ አሥራ አምስት ዓመቷ ነበር። ከእናቷ ጋር የጓሮ አጥር ዘለው ወጡ፣ ቤቱ ቀረ። እናቷ ተመልሳ ቆርቆሮ አለበሰችው፣ እዚያው አለች። ልጅቷ ግን አልመለስም አለች። እኔ ዘንድ መጣች። ጎማ ሲፈነዳ፣ የቆርቆሮ በር ነፋስ ሲመታው... አልጋ ሥር ናት። አሁን አሥራ ዘጠኝ ሞልቷታል።

እኔ ደግሞ ምን አደርጋለሁ? እቀልዳለሁ። ድሮ ትስቅልኝ ነበር። አሁን የምትስቀው እንዳይከፋኝ ነው። ይታወቀኛል።

ዛሬ እናቷ ደወለች። "ጀይላን፣ ልጄ መቼ ነው ሰው የምትሆነው?" አለችኝ። ኢንሻአላህ አልኩ። ሌላ ምን ይባላል?

ጥር 14

ትልቅ ቀን። ሴቶችን ሙያ የሚያስተምር ድርጅት መጥቷል። ልብስ ስፌቱም ፀጉር ሥራውም ሞልቷል፣ እዚህ አገር የሚያስፈልገው የውሃ ሞተር ጥገና ነው ተብሎ አሠልጣኝ ሲፈለግ... ማን ይጠራ? ስምንት ሴት ታሠለጥናለህ ወይ አሉኝ። ሰማንያም ቢሆን አልኩ።

አብራቸው የመጣችው ሲስተር ትህትና ትባላለች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ነርስ ናት። ሥራዋ የተጨነቁ ወጣቶችን ማየት፣ ማነጋገር። ሐሙስ ሐሙስ ወጣት ሰብስባ ታወያያለች።

ሰባት ተመዝግበው አንድ ጎደለ። እስክሪብቶውን ተቀበልኩና ስምንተኛው መስመር ላይ የናጅዋን ስም ጻፍኩ። በገዛ እጄ። ጽሕፈቱ ሲያምር!

አልጠየቅኳትም። ትደሰታለች።

ጥር 20

አልተደሰተችም።

በሩቅያ ልመና መጣች። የምናሠለጥንበት መጋዘን ውስጥ ጥግ ይዛ ቆመች። እኔ ሰባት ሴት ሲያየኝ ጊዜ ሞቅ ብሎኝ የሞተሩን ማስነሻ ገመድ ሳብኩ። ሞተሩ ቤንዚን በዝቶበት ኖሮ በማርሚታው፣ በጭስ ማውጫው በኩል፣ ጧ! አለ። ናጅዋ የለችም። አንድ ጫማዋ ብቻ ወለሉ ላይ ቀረ። "አያችሁ፣ ሞተሩ ሰላም ሊላት ነበር" አልኩ። ሳቁ። ፓፓያ የምትሸጠዋ ሂዳያ ብቻ አልሳቀችም። ዕድሜዋ ከሁሉም የገፋ፣ ባሏ የሞተባት፣ ምላሷ ምላጭ የሆነች ሴት ናት።

ቤት ስደርስ አልጋ ሥር ናት። ሩቅያ በሩ ላይ ቆማ "ጫማዋን አምጣ" አለችኝ።

ጥር 21

አላናገረችኝም። ሩቅያም።

ጥር 24

ሲስተር ትህትና ቤት ድረስ መጣች። ከናጅዋ ጋር በሩን ገርበብ አድርገው ቆዩ። እኔ ኒም ዛፉ ሥር ቁጭ ብዬ ሞተር የማጸዳ መሰልኩ። ስትወጣ ጠራችኝ።

"ጋሼ ጀይላን፣ የማይነሳ ሞተር ሲያመጡልዎ በመዶሻ ይመታሉ?"

"ምን ሆኜ? መጀመሪያ አዳምጠዋለሁ እንጂ።"

"እንግዲያው" አለች።

የማጸጃ ጨርቄን አስቀመጥኩ። ከዚያ አስረዳችኝ። ድንገት የሚመጣ ድምፅ የልጅቷን ሰውነት ወደዚያ ቀን ይመልሰዋል። ፍርሃት እንጂ ቅብጠት አይደለም። በግድ አትጎትቷት፣ ብቻዋንም አትተዉአት። የሚሆነውን ቀድማ ካወቀች ይቀልላታል። ቀልዱን ትንሽ ያስቀምጡት አለችና ወረቀት ሰጥታኝ ሄደች።

ጥር 26

ወረቀቱን ለማንበብ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ሁለት ገጽ ነው። እስከ ዛሬ የመኪና ጀርባና የሱቅ ማስታወቂያ ነበር የማነበው፣ ለጉራ። ይኼ ግን ጉዳዬ ነው። "የደነገጠን ሰው 'ምንም አልሆንክም' አትበሉት" ይላል። እኔ ስንት ጊዜ ነው ያልኳት? አራት ዓመት ሙሉ።

ጥር 28

አዲስ ሕግ አወጣሁ። ማንም ሰው "ሊጮህ ነው!" ሳይል ገመድ አይስብም። እኔም ጭምር። የሂዳያ ድምፅ እስከ አስፋልቱ ይሰማል። ውጭ የቆሙት የባጃጅ ልጆች እየተቀበሉ ያላግጡብናል። ያላግጡ።

ምሳ ላይ ናጅዋን፣ ሳልጠይቅሽ ስምሽን መጻፌ ጥፋት ነው፣ ሄጄ ልሰርዘው ወይ አልኳት። ቀልድ አልጨመርኩም። "እስክሪብቶ አታባክን" አለች።

ሩቅያ ፊቷን አዞረች። ሳቅ ነው መሰለኝ። ወይ ሌላ ነገር።

የካቲት 3

መጣች! መጋዘኑ ውስጥ አልገባችም። ውጭ ማንጎው ሥር፣ ጀርባዋን የመጋዘኑ ግንብ ላይ አስደግፋ ተቀመጠች። ሂዳያ "ሊጮህ ነው!" ስትል ጆሮዋን ይዛ ዓይኗን ትጨፍናለች። ግን አልሮጠችም። ሁለቱም ጫማ እግሯ ላይ ነው።

የካቲት 11

ይህን በደንብ ልጻፈው።

የኔ ሙያ ጆሮ ነው። የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮ ኋላ ያለው አጥንት ላይ። ሆዱ ውስጥ ያለው ሁሉ ይሰማል። ዛሬ ለሴቶቹ ይህን ሳሳይ ናጅዋ በሩ ላይ ቆማለች። ወደ እሷ ሄድኩ። ካቻቢቴውን እጇ ላይ አስቀመጥኩና "ናጅዋ፣ ድምፅ ስሙ ከታወቀ አያስፈራም" አልኳት። ወላሂ እንዲህ አልኩ። እሷም ገባች፣ ተንበረከከች፣ አዳመጠች። ካቻቢቴው ከቦታው አልተነሳም።

እንዴት ያለ አሠልጣኝ ነኝ!

የካቲት 20

አሁን እሷ ናት የምታስተምረን። ዘንጉ የሚሽከረከርበት ኩሽኔታ ያለቀበት ሞተር ድንጋይ እንደሚያኝክ በሬ ነው ትላለች። ቫልቩ የላላ በጥፍሩ በር የሚያንኳኳ እንግዳ። ሁሉንም ስም አወጣችለት። ሂዳያ፣ እስቲ የጋሼ ጀይላንስ ድምፅ የምን ነው አለቻት። ናጅዋ አሰበች። "ያለ ዘይት የሚሠራ ሞተር።"

መጋዘኑ በሳቅ ፈረሰ። ተሰደብኩ። እንደዛሬ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

መጋቢት 5

ረመዳን ነው፣ የምንሠራው ጠዋት ጠዋት ብቻ ነው። ዛሬ ናጅዋ ገመዱን ራሷ ሳበች። "ሊጮህ ነው" ያለችው ለራሷ ያህል ነበር፣ ቀስ ብላ። ሞተሩ በመጀመሪያው ተነሳ። እኔ በሦስተኛው ነው የማስነሳው... አንዳንዴ በአምስተኛው።

መጋቢት 8

አስፋልቱ ላይ የከባድ መኪና ጎማ ፈነዳ። አልጋ ሥር ገባች። ያለቀ መስሎኝ ነበር! ያ ሁሉ ድካም...

መጋቢት 9

ዛሬም አልመጣችም። ሲስተር ትህትና፣ ወደ ኋላ መመለስ አይደለም፣ መንገዱ እንዲህ ወጣ ገባ ነው፣ የሚቆጠረው ስንት ቀን እንደፈጀባት ነው አለችኝ። ድሮ ስንት ይፈጅባት ነበር? ሁለት ሳምንት።

መጋቢት 10

ጠዋት ከእኔ ቀድማ መጋዘኑ በር ላይ ቆማ አገኘኋት። ቁልፉን ይዤ ያረፈድኩት እኔ ነኝ።

መጋቢት 17

ይኼን ቀን እንዴት ብዬ ልጻፈው?

የሀጂ ዩኑስ ሽንኩርት ሮቢ ወንዝ ዳር ነው። ሦስት ቀን ውሃ አላገኘም፣ ቅጠሉ ተኝቷል። ሞተሩ ይሠራል፣ ውሃ ግን አይመጣም። ሴቶቹን ይዤ ሄድኩ፣ ለልምምድ። ጎረቤት ገበሬ ሁሉ ተሰብስቧል። እኔ ከሩቁ ሰማሁና "የፓምፑ ክንፍ አልቋል፣ ዕቃው ከአዲስ አበባ ይምጣ" ብዬ ፈረድኩ። ሦስት አራት ቀን። ሀጂ ዩኑስ መሬቱ ላይ ዘጭ አሉ። እስከዚያ ሽንኩርቱ የለም።

ናጅዋ ካቻቢቴዋን አወጣች። ሞተሩ ላይ አደረገች። ደህና ነው በሚል ራሷን ነቀነቀች። ፓምፑ ላይ አደረገች። ቆየች።

"አንተን ጠራሁ እንጂ የእህትህን ልጅ ጠራሁ?" አሉኝ ሀጂ ዩኑስ። እኔ ልመልስ አፌን ስከፍት ናጅዋ ቀደመችኝ።

"አጎቴ፣ ክንፉ ደህና ነው። የሚጠጣው ውሃ ሳይሆን አየር ነው።"

በዚያ ሁሉ ሰው ፊት! ከወንዙ ውሃ የሚስበውን ቱቦ በእጇ እየዳሰሰች ቁልቁል ወረደች። ጭቃው ውስጥ እስከ ጉልበቷ ገባች። መገጣጠሚያው ላይ፣ ብረቱ ከሚያስረው ሥር፣ ጥፍር የምታህል ስንጥቅ። ሂዳያ አሮጌ የባጃጅ ካላማዳሪ፣ የጎማ ውስጥ ላስቲክ፣ ቀደደችላት፣ ጠምጥመው አሰሩት። ናጅዋ ወጥታ "ሊጮህ ነው!" አለች። ቀስ ብላ አይደለም። ማዶ ያለ ገበሬ ዞሮ አየ።

ውሃው መጀመሪያ አየር አስነጠሰ፣ ከዚያ እንደ ወይፈን ወጣ። ገበሬው ጮኸ። ሀጂ ዩኑስ በሁለት እጃቸው ውሃ ዘግነው አዩት፣ ጾም ነውና አልጠጡትም፣ ፊታቸውን አበሱበት።

ከዚያ ከሀጂ ዩኑስ ሠራተኞች አንዱ ደስታው ሲገፋው፣ ራሱ መልሶ ሊያስነሳ ፈልጎ፣ ሳይናገር ሞተሩን አጠፋው። ማርሚታው ጧ! አለ።

ሁላችንም ናጅዋን አየን። እኔ ልሮጥላት ተነሳሁ። ትከሻዋ ወደ ላይ ተሰብስቧል። ዓይኗ ተጨፍኗል። ሂዳያ እጄን ያዘችኝ። አንድ ትንፋሽ... ሁለት... ሦስት።

"ያልተቃጠለ ቤንዚን ነው" አለች ናጅዋ። ዓይኗን ገለጠች። "ቀድማችሁ ንገሩ ተብሏል እኮ።"

ሠራተኛው ይቅርታ ጠየቃት። ሀጂ ዩኑስም ወደ እሷ ዞረው "ልጄ፣ አንቺን ነበር መጥራት የነበረብኝ" አሏት።

እኔ አላለቀስኩም። ጭቃ ዓይኔ ገብቶ ነው። እሺ፣ አለቀስኩ።

መጋቢት 21፣ ዒድ

አልሐምዱሊላህ። ሀጂ ዩኑስ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ላኩ። "ለባለሙያዋ" ብለው። ለእኔ ሰላምታ ብቻ።

ሚያዝያ 6

ሥልጠናው አልቋል። ከስምንቱ ሴቶች አራቱ፣ ናጅዋና ሂዳያም ጭምር፣ መናኸሪያው አጠገብ መጠለያ ተከራይተው ሥራ ጀመሩ። "የሴቶች የውሃ ሞተር ጥገና" የሚለውን ሰሌዳ የጻፍኩት እኔ ነኝ፣ ያነበበ ሁሉ ይመሰክራል። ከሥሩ ናጅዋ በቀይ ቀለም "ሳንናገር አናስነሳም" ብላ ጨመረችበት። ሐሙስ ሐሙስ የሲስተር ትህትና ስብሰባ ትሄዳለች። አሁንም የክፍሏን በር ገርበብ አድርጋ ነው የምትተኛው። ሲስተር፣ ይሁን፣ ችግር የለውም ብላለች።

ዛሬ ጠዋት አጣዬ ሄደች። በአራት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። የእናቷ ጎረቤት ሞተር ተበላሽቶ ነው። ልሸኝሽ ስላት፣ ደንበኛ ሲጠብቅህ የት ትሄዳለህ አለች። ሂዳያ አብራት ተሳፈረች። እኔ መናኸሪያ ቆሜ ሚኒባሱ ጀርባ ላይ የተጻፈውን ሳላነበው ሄደ።

ከሰዓት እህቴ ደወለች። ከስልኩ ወዲያ ሞተር ሲነሳ ሰማሁ። ከዚያ በፊት ደግሞ የናጅዋን ድምፅ። ምን እንዳለች መጻፍ ያስፈልገኛል?

ይህን ደብተር ከመጀመሪያው ዛሬ አነበብኩት። ብዙ ጉራ አለበት፣ ጉራው ይቆይ። አንዱ ግን ከበደኝ፣ ወላሂ ብዬበታለሁና። አላህ ይቅር ይበለኝ። የካቲት 11 የጻፍኩት እውነት አይደለም። ካቻቢቴውን እጇ ላይ አላስቀመጥኩም። ጀርባዬን ሰጥቼ ከሂዳያ ጋር ስከራከር ነበር። ስዞር ናጅዋ ገብታ ተንበርክካለች፣ ካቻቢቴው ጆሮዋ ሥር ነው። ስለ ድምፅ ስም የተነገረውም ቃል የእሷ ነው። እኔ አፌን ከፍቼ ቆሜ ነበር።

ማንም አልሰጣትም። ከጠረጴዛው ላይ ራሷ አነሳችው።