ለአያቴ የሚላከው እጅ

እሁድ

ተበላሹ። ጥላ ውስጥ ያደረቅኋቸው ካርዶች በሙሉ ተበላሹ። ሒናው ዘይት ሆኖ ወረቀቱ ላይ ተሰራጭቷል፤ በየጣቱ ዙሪያ ቢጫ ኩሬ ሠርቷል። የሉባባ እጅማ ወጥ ውስጥ ነክራ ያወጣችው ይመስላል።

እህቴ ዘይነብ ስትሠራ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። በየዒዱ አል-ጣኢፍ በሚባለው የሀብታሞች ሠፈር ሰው ቤት የሚሠሩት የአገራችን ሴቶች በዕረፍት ቀናቸው ጀሪፍ ሠፈር እኛ ቤት ይመጡ ነበር። እጃቸውን ወፍራም ወረቀት ላይ ያስቀምጣሉ፤ ዘይነብ ዙሪያውን በእርሳስ ትከተላለች፤ ውስጡን እንደ ሙሽራ እጅ በሒና ትሞላዋለች። ሲደርቅ ሒናው ይፋቅና ቡናማው ጌጥ ይቀራል። ካርዱ ከመንገደኛ ጋር ወሎ ይሄዳል። ብዙዎቹ እናቶች ማንበብ አይችሉም። መዳፋቸውን የልጃቸው መዳፍ ላይ ያደርጋሉ፤ በቃ፣ ደብዳቤው ይኸው ነው። «ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ጥሩ ነው፣ ግን እጅ አይገጥምበትም» ትል ነበር ዘይነብ።

ከረመዳን በኋላ ትኩሳት ያዛት። ሳምንት አልሞላትም።

አሁን አረፋ ደርሷል። የዘይነብ ጓደኛ ሉባባ መጥታ «ወረቀቱን ትይዝላት የነበርከው አንተ ነህ፤ አንተ ካልሠራኸው ማን ይሠራዋል?» አለችኝ። እናቴን ሳልጠይቅ እሺ አልኩ። ስህተት አንድ። ስህተት ሁለት፦ ማሕለብያ ጨመርኩበት፤ ሙሽሮች ሒናቸው እንዲጠቁር የሚጨምሩትን ሽቶ ዘይት።

እናቴ ሽታው ስቧት ከክፍሏ ወጣች። በሠፈራችን እንደ እሷ ሒና የሚያበጅ የለም፤ ዘይነብ ከሞተች ወዲህ ግን ነክታው አታውቅም። ሐዘንተኛ ሒና አይነካም።

«በልጄ ሐዘን ቤት ይሄ የሰርግ ሽታ ምንድነው?»

የተበላሹትን ወረቀቶች አንድ በአንድ አየቻቸው። ከዚያ ተመልሳ ገባች።

ሰኞ

ትምህርት ቤት ምንም አልገባኝም። ጠረጴዛው ላይ ጣት ስስል ዋልኩ፤ አስተማሪው «ጣቶቹን ጨርሰህ ወደኛ ና» አለኝ። ክፍሉ ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ቤት ስገባ የእናቴ ድምፅ ከበሩ ኋላ መጣ፦

«ወረቀት ቆዳ አይደለም። ዘይት አይጨመርበትም። በጥቁር ሻይና በሎሚ ለውሰው። ትንሽ ስኳር ጣል አድርግበት፣ አለዚያ ይረግፋል።»

እንዳለችኝ አደረግኩ። ያዘ! ያለ ኩሬ፣ ያለ ቢጫ፣ ጥርት ብሎ ያዘ። መዝለል አማረኝ፤ ግን እንዴት ይዘለላል?

የቀሩኝ፦ ወፍራም ወረቀት ከሱቅ ዐረቢ ገበያ። ሒናው የሚጨመቅበት ላስቲክ ቀዳዳ እንዳይደፈን መርፌ። የሌሎቹን እጆች መስመር ከተበላሹት ላይ መገልበጥ። የሉባባ መስመር ስለጠፋ እጇን ይዛ እንድትመጣ መንገር። (ዘይነብ ብትሆን «እጇን ቤት ትታ ልትመጣ ነው?» ትለኝ ነበር።)

ማክሰኞ

ሉባባ አሠሪዋ ዕቃ ግዢ ሲሏት በዚያው በባለ ሦስት እግሯ ረክሻ ወደ እኛ ከነፈች። ዘንቢሏን ሳታስቀምጥ እጇን ዘረጋች።

«የቀለበት ጣቴ ላይ ቀለበት ሳልልኝ።»

«ማንን አገባሽ?»

«እሱን እናቴ ትጨነቅበት! በስልክ ሁልጊዜ መቼ ነው፣ መቼ ነው። አንድ ዓመት ያሳርፈኛል።»

በእርሳስ ሳልኩላት። ከእናቴ ክፍል ትንሽ ነገር ተሰማኝ፤ ሳል ይሁን ሳቅ አላወቅኩም። ሉባባም ሰምታለች። «ኻልቲ ሐዋ፣ አንቺም ባል ደብቀሻል እንዴ?» ብላ ወደ እናቴ ጮኸች። ዘንቢሏን እንደያዘች ሮጣ ወጣች።

ከሰዓት አጎቴ ከወሎ ደወለና አያቴን አገናኘን። አያቴ ረመዳን ላይ ዓይኗን ቀዶ ጥገና ተደርጋለች፤ ድንጋጤና ለቅሶ አይሆንላትም ተባለ። ስለዚህ የዘይነብን መርዶ እስካሁን አልሰማችም። አጎቴ ከበዓሉ በኋላ ሽማግሌዎች ይዞ፣ በወጉ፣ በማለዳ ሊያረዳት ነው። እስከዚያ እናቴ በስልክ ትዋሻለች። ተኝታለች። ትምህርት ቤት ናት። ዛሬ ደግሞ ፈተና ላይ ናት።

«ዘይነብ እጇን ትልክልኛለች አይደል?» ስትል አያቴን ሰማኋት። «ዘንድሮ እኮ ዓይኔ ያያል። እስከ ዛሬ በዳበሳ ነበር።»

እናቴ ስልኩን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። ዓይኖቿ ደርቀዋል።

«የእህትህን እጅ ሥራልኝ።»

«እማ፣ እንዴት ብዬ?»

«መርዶ በወረቀት አይሄድም። እጇ ከቀረ ደግሞ መቅረቱ ራሱ መርዶ ነው። ነገ ሐጅ ሰይድ ሊወስዱ ይመጣሉ።»

ሱቅ ዐረቢ የሚነግዱት ሐጅ ሰይድ ለአረፋ ወደ ወሎ ይሄዳሉ፤ የሁሉም ሰው ካርድ በእሳቸው ሻንጣ ነው የሚሄደው።

ረቡዕ

በራሴ እጅ ሞከርኩ። ትልቅ ነው፤ መቼ እንዲህ እንዳደገ አላውቅም። ከዚያ እጄን አንስቼ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ ታዘነብላለች፤ በልጅነቷ የብረት በር ዘግቶባት ነው። አውራ ጣቷ አጭር ነው። ከአንጓዋ በላይ የምትወደው ቅጠል አለ፣ ግንዱ ሁልጊዜ ወደ ግራ። እርሳሱ ብቻውን ሄደ። በሒናም ሞላሁት። ሲደርቅ ፋቅኩት፤ ዘይነብ ወረቀቱ ላይ ነበረች። ይመሳሰላል ብዬ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ፈራሁ። መንገድ ላይ ሰው በስሟ ጠርቼ እሷ ራሷ ዞር ያለች መሰለኝ።

ሐጅ ሰይድ ሊመሽ ሲል መጡ። «ማለዳ ነው የምንነሳው፣ ያላ፣ ያለውን ስጡኝ» አሉ። የሌሎቹን ካርዶች ሰጠኋቸው። እናቴ የዘይነብን አነሳች፤ ልታሽገው ጭኗ ላይ አደረገችው። ከዚያ መዳፏን አስቀመጠችበት። አላነሳችውም።

ሐጅ ጠበቁ። ውኃ ጠጡ። «ሐዋ፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «አብሽሪ። ሶብር አድርጊ።»

«ይሄ አይሄድም» አለች እናቴ። «ይሄ የኔ ነው።»

ስታለቅስ የቀብሩ ቀን አይቻት ነበር። ዛሬ ግን ድምፅ አልነበረውም፤ ወረቀቱ እንዳይረጥብ ፊቷን ወደ ጎን አዙራ ነው ያለቀሰችው።

ኋላ ፊቷን በነጠላዋ ጠረገችና «እጅህን አምጣ» አለችኝ። አዲስ ወረቀት ላይ አስቀመጠችው። እርሳሱን ራሷ ያዘች፤ ጣቶቼን አንድ በአንድ ዞረቻቸው። ከዚያ «እርሳሱን ያዝ» ብላኝ የራሷን እጅ በኔ እጅ መስመር ውስጥ አደረገች። ዞርኩት። እጇ ከኔ ያንሳል። ይህንንም አላውቅም ነበር።

«ሒናስ?» አልኳት።

ሒናውን አየችው፣ ሐጅን አየቻቸው። «ወረቀት ቆዳ አይደለም» አለች፣ ለእኔ ይሁን ለራሷ እንጃ። ሒናውን አንስታ ከሁለቱ እጆች አንጓ በላይ አንድ ቅጠል ብቻ ሣለች። ግንዱ ወደ ግራ።

«ሐጅ፣ ወንድሜ ሽማግሌ ይዞ ሲገባ እርስዎም አብረው ይግቡ። ከዚያ በፊት ከጠየቀችዎት ግን አይዋሹዋት። የኔ ውሸት ይበቃታል።»

«ካልዋሸሁ ምን ልበላት?»

«ካርዱን ይስጧትና ዝም ይበሉ።»

ሐሙስ

ሐጅ ሄደዋል። የዘይነብን እጅ እናቴ ትራሷ ሥር አድርጋዋለች።

ሉባባ እያለከለከች መጣች። «ቀለበቴ ሄደ?»

እውነቱን ነገርኳት፦ ሐጅ ከመምጣታቸው በፊት በላጲስ አጥፍቼዋለሁ። ለምን እንዳጠፋሁት በደንብ ማስረዳት አልቻልኩም። ትቆጣለች ብዬ ነበር። የተዘጋውን የእናቴን ክፍል በር አየች፣ እኔን አየች።

«እሺ፣ ደግ አደረግክ» አለች። «በል አሁን ባሉን ፈልገህ አምጣ።»

ሰኞ፣ የአረፋ ዋዜማ

ነገ ሰዎች በዒዱም ለለቅሶ ይመጣሉ፤ ከሞት በኋላ የመጀመሪያው ዒድ እዚህ እንደዚያ ነው። ጎረቤቶች ወንበር አምጥተዋል። እናቴ ሻይ የሚፈላበትን ድስት ስታጥብ ስልኩ ጮኸ። እጇ ሳሙና ስለነበረ እኔ አነሳሁት።

አያቴ ነበረች።

«ሁለት እጅ ደረሰኝ» አለች። «ትንሹን አውቀዋለሁ፣ የወለድኩት ነው። ትልቁ የማነው?»

«የኔ ነው፣ አያቴ።»

«አድገሃላ።»

«አዎ።»

ከበስተኋላዋ የበግ ድምፅ ይሰማል። ዘይነብስ እስክትለኝ ጠበቅኩ። 

«ቅጠሉንም አየሁት» አለች። «እናትህን ጠበቅ አድርገህ ያዛት፣ እሺ የኔ ልጅ?»

«እሺ።»

እናቴ ከነሳሙናዋ አጠገቤ ቆማለች። «ስለ ዘይነብ ጠየቀችህ?» አለች በከንፈሯ ብቻ።

ራሴን ነቀነቅኩ። አልጠየቀችም። ለመጀመሪያ ጊዜ አልጠየቀችም።

እናቴ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ስልኩን ተቀበለችኝ። «እማ» አለች። ከዚያ ሁለቱም ምንም አላሉም። ስልኩ ግን አልተዘጋም። ይህን ስጽፍ አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው።