የልጄን ሽንት ተቀብላችሁ ልጄን ስለመለሳችሁ

ለክቡር የጦር አካዳሚው የምልመላ ቦርድ ሰብሳቢ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለተከበሩት የቦርዱ አባላት ሙሉ ጤና፣ የጠራ ዓይንና የማይከዳ ጉልበት እመኛለሁ። ጤናን ማስቀደሜ ለወጉ ብቻ አይደለም። አመልካች ሁሉ ደጃችሁን ከማለፉ በፊት ጥርሱ እንደሚቆጠር፣ ጉልበቱ በትንሽ መዶሻ እንደሚመታ፣ ሽንቱም በብልቃጥ እንደሚቀዳ ስለማውቅ፣ ጤና ከእናንተ ዘንድ ትልቅ ጉዳይ መሆኑን ተረድቼ ነው።

እኔ ፀጉር አስተካካይ ነኝ። ሱቄ ከአጥራችሁ ማዶ፣ ከዳቦ ቤቱ ቀጥላ ያለችው ጠባብ ክፍል ናት። ለፈተና የሚቀርቡ ልጆች ፀጉራቸውን በእናንተ ደንብ ለማሳጠር መጀመሪያ የሚመጡት ወደ እኔ ስለሆነ፣ እናንተ ፊታቸውን ከማየታችሁ በፊት እኔ ማጅራታቸውን አየዋለሁ። የራሴን ልጅም ያስተካከልኩት በዚያው ወንበር ላይ ነው። ቅሬታዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ፤ ወታደር ቤት ሥርዓት ይወዳል ሲባል ሰምቻለሁና።

አንደኛ፤ በምርመራው ክፍል ስለታየው ጨዋነት ላመሰግን እወዳለሁ።

ልጄ የቀረበው ከአብሮ አደጉ ጋር ነበር። ይህ አብሮ አደጉ የዳቦ ቤቷ ሠራተኛ አንድያ ልጅ ሲሆን፣ ቅጥነቱንና አለመሰበሩን አይቶ ሰፈሩ «ሽቦ» ይለዋል። አባቱ በሕፃንነቱ ስለሞተበት፣ ግማሽ ቀኑን በእናቱ ምድጃ ዳር፣ ግማሹን በእኔ ሱቅ ተቀምጦ ነው ያደገው። ሁለቱም ከልጅነታቸው ጀምሮ መኮንን ከመሆን ሌላ ምኞት አልነበራቸውም። በየማለዳው አጥራችሁን ይዘው ይሮጡ ነበር። ፈተናው ሲቃረብ ሽቦ ደረጃ ላይ ወድቆ ጉልበቱ ዞረበት። ክሊኒክ የሕመም ማስታገሻ ክኒን ሰጡት፤ ክኒኑ ሲያልቅ ሕመሙ አላለቀም፤ ሕመሙ ሲያልቅ ደግሞ ክኒኑን መተው አቃተው። ከዚያ በኋላ ከፋርማሲ ሳይሆን ከኪሳቸው እያወጡ ከሚሸጡ ሰዎች መግዛት ጀመረ። ይህን ያወቀ ልጄ ብቻ ነበር። እኔ የሽቦን ፀጉር ሳስተካክል ዓይኑ ክድን ክድን ሲልብኝ፣ «ልጄ፣ እንቅልፍ አልጠገብክም እንዴ?» ብዬው ነበር። «ጥናት ነው ጋሼ፣ ጥናት ገደለኝ» አለኝ። በርታ ብዬ ትከሻውን መታ መታ አደረግሁት።

ታዲያ በምርመራው ቀን ሁለቱን ጎን ለጎን ባሉ መጸዳጃዎች አስገቧቸው። በመካከላቸው ያለው ጣውላ ወለሉን አይነካም። ተቆጣጣሪው የጤና ባለሙያ የሰው ገመና ላለማየት ሲል ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ቆሞ ነበር፤ አስተዳደጉ የተመሰገነ ይሁን። ሽቦ ባዶ ብልቃጡን በጣውላው ሥር አሳልፎ፣ «ወንድሜ፣ እናቴን አስባት» አለው። ሌላ ቃል አልጨመረም። ልጄም ብልቃጡን ሞልቶ መለሰለት። መሣሪያችሁ ሁለቱንም ንጹሕ ሲል መሰከረ። መሣሪያው አልዋሸም፤ ሁለቱም የልጄ ነበሩ፤ ልጄም ንጹሕ ነበር።

ይህን ያኔ አላወቅሁም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንዲሉ፣ የሰማሁት ሁሉም ነገር ካለፈ በኋላ፣ ከልጄ ከራሱ አፍ ነው።

ሁለተኛ፤ በቃለ መጠይቁ አዳራሽ ግድግዳ ላይ «እውነት የመኮንን የመጀመሪያ ማዕረጉ ናት» የሚል ጽሑፍ በትልቁ ስለሰቀላችሁ አመሰግናለሁ። ልጄ አንብቦታል። አሳዛኙ ነገር ማመኑ ነው።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እርስዎ ራስዎ፣ ክቡር ሆይ፣ በሕይወት ዘመኑ አደንዛዥ ዕፅ ቀምሶ እንደሆነ ጠየቁት። ልጄ የሆነውን ተናገረ። ተማሪ ሳለ ከኳስ ሜዳው ግንብ ጀርባ፣ ከእጅ እጅ ይዞር ከነበረ ሐሺሽ አንድ ጊዜ ስቦ ነበር፤ አስሎት፣ አስመልሶት፣ ተመልሶም አልነካውም። ይህን ማንም አያውቅበትም ነበር፤ ምርመራውም አላገኘበትም። ለምን ተናገርክ ብለው ጓደኞቹ ሲቆጡት፣ «የጠዋቱ ነገር ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅሮ ነበር፤ የሌላ ሰው ምሥጢር ማውጣት ስለማልችል የራሴን አወጣሁ» አላቸው። እውነት ተናግሮ ከመሸበት ማደር የሚለውን ከእኔ የተማረው ስለሆነ፣ ጥፋቱን ከመምህራኑ ላይ እንዳትጥሉ አደራ እላለሁ።

እርስዎም ስለ ግልጽነቱ ከልብ አመስግነውት፣ እጁን ጨብጠውት፣ ዳግም እንዳያመለክት ለዘለቄታው አገዱት። ሽቦ ከእሱ ቀጥሎ ገብቶ ያንኑ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ «በጭራሽ» አለ። የዚያኑ ዕለት ዕጩ መኮንን ሆነ። ልጄ ግን ሲወጣ የጨበጡትን እጁን እያየ ነበር የመጣው። «አባዬ፣ ሰውየው ደግ ነው፤ ሲያግደኝ እንኳ ፈገግ ብሎ ነው» አለኝ። ስለ ፈገግታዎም አመሰግናለሁ።

ሦስተኛ፤ የታገዱትን ስም ከነምክንያቱ በበራችሁ ላይ ስለለጠፋችሁ። ከልጄ ስም ትይዩ «በአደንዛዥ ዕፅ ተጠቃሚነት» ይላል። አንድ ጊዜ ማሳል ተጠቃሚነት መሆኑን የተማርነው ያኔ ነው። ሥራ ሊሰጠው ቃል የገባለት የመጋዘን ኃላፊ ያን አንብቦ ቃሉን አነሳ። የሱቄ ደንበኞች ልጄ መቀስ ሲያነሳ፣ «አንተው ጨርሰኝ» ይሉኝ ጀመር። አንዱማ ምላጩን እያየ፣ «እጁ አይንቀጠቀጥም አይደል?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ልጄ መሬት ይጠርግ ነበር፤ መጥረጊያውን አቁሞ ወጣ። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይላሉ አባቶች። ለእኛ የደረሰን መልአክ ማኅተም ያለው ነበር። ልጄም የተሰጠውን ስም ጥቂት ተሸክሞት ከቆየ በኋላ ገባበት። ዛሬ ያ አንድ ጊዜ ስቦ ያስመለሰው ልጅ ካላጨሰ ዓይኑ እንቅልፍ አያገኝም። ስለዚህ የለጠፋችሁት ማስታወቂያ ትክክለኛ ሆኗል፤ ማረም አያስፈልጋችሁም።

አራተኛውን በቁጥር ማቅረብ ከበደኝ። ቁጥሩን ብተወው ይቅር ይበሉኝ።

ሽቦ በግቢያችሁ ውስጥ ጎበዝ ነበር ይላሉ፤ እኔም አምናለሁ። ክኒኑን በጫማው ገበር እያስገባ ይይዝ ነበር። አንድ ሙቀት የበዛበት ቀን፣ ሙሉ ትጥቅ ተሸክመው ረጅም ጉዞ ሲወጡ ጉልበቱ ከዳው። ከጉዞው እንዳይመልሱት ብሎ ከልማዱ አብልጦ ዋጠ። ዕረፍት ሲባል ከአንድ ዛፍ ሥር ጋደም አለ፤ ጓዶቹ ሲቀሰቅሱት ትንፋሹ ቀጭኖ ነበር። አብሯቸው የነበረው የሕክምና ባለሙያ ምን ሊሆን እንደሚችል አሰበ፤ ደግሞም አልሰነፈም። ክኒን ይወስድ እንደሆነ ጓዶቹን ጠየቀ፤ አያውቁም። በሬዲዮ ወደ ግቢ ደውሎ ጠየቀ፤ ንጹሕ ነው፣ ተመርምሮ የገባ ነው ተባለ። ስለዚህ ሙቀት መቶታል ብሎ ልብሱን ፈታለት፣ ውኃ አፈሰሰበት፣ ጥላ ሠራለት። ለመረዘው መድኃኒት የሚሆነው ማርከሻ ከባለሙያው ቦርሳ ውስጥ ነበር አሉ። ሳይወጣ ቀረ። የልጄ ንጽሕና ስለታመነ ሽቦ ሞተ።

ለቀብሩ ክብር ዘብ ስለላካችሁ፣ ለእናቱም በመስታወት የተሸፈነ ምስክር ወረቀት ስለሰጣችሁ የሰፈሩን ምስጋና አደርሳለሁ። በሙሉ ጤንነት ገብቶ በግዳጅ ላይ ሳለ ማለፉን በወርቃማ ቀለም ይገልጻል። እናቱ ከምድጃው በላይ ሰቅላዋለች።

ልጄ ሁሉንም የነገረኝ ከቀብሩ በኋላ ነው። ሱቁን ዘግቼ ስገባ የደንበኛ ወንበር ላይ ተቀምጦ አገኘሁት፤ ፊቱን ወደ መስታወቱ ሳይሆን ወደ ግድግዳው አዙሮት ነበር። ተናግሮ ሲጨርስ፣ «አባዬ፣ አብረኸኝ ትሄዳለህ?» አለኝ። ወዴት ብዬ አልጠየቅሁም።

ዘብ ጠባቂዎ የታገደ ሰው ደጅ አያልፍም ብሎ ልጄን ከውጭ አቆመው፤ ፀሐይ ላይ ቆየን። በመጨረሻ የሕክምና ክፍሉ ኃላፊ እስከ በሩ ድረስ ወርደው በብረቱ መካከል አነጋገሩን። ልጄ የሆነውን ሳይቀንስ ሳይጨምር ነገራቸው። ሌሎች ልጆችም እንደ ሽቦ ገብተው ሊሆን ይችላልና እንደገና መርምሯቸው ብሎ ለመናቸው። ኃላፊው በትዕግሥት ሰሙት። ከዚያም፣ «አየህ ወንድም፣ አንተ በራስህ አንደበት ተጠቃሚ ነኝ ያልክ ሰው ነህ። የተጠቃሚን ቃል ይዘን የሞተ ዕጩ መኮንን ስም አናጎድፍም» አሉት። እኔም ቀበል አድርጌ፣ «ጌታዬ፣ ያን ቀን ቃሉን አምናችሁ አይደል ያባረራችሁት?» አልኳቸው። ኃላፊው ሰዓታቸውን አይተው ተመለሱ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም፤ ልጄ እውነት ሲናገር አንድ ጊዜ ታምኖ ጠፋ፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳይታመን ጠፋ።

የዚህ ደብዳቤ ግልባጭ ለሕዝብም ስለሚወጣ፣ አስቀድሜ ወደ ዳቦ ቤቱ ሄጄ ለሽቦ እናት ነገርኳት። ከሌላ ሰው እንድትሰማው አልፈለግሁም። ዳቦውን ከምድጃ እያወጣች ሰማችኝ፤ አላቋረጠችኝም። ስጨርስ የእጇን ዱቄት በሽርጧ ጠርጋ፣ «ወንድሜ፣ ይህን ባትነግረኝ ምን ነበረበት?» አለች። ምስክር ወረቀቱን ቀና ብላ አየችና፣ «ስለ ልጄ መልካም የሚናገር የቀረኝ እሱ ብቻ ነው። እዚያው ይሰቀል» አለች። ከዚያ ወዲህ ለልጄ የምትልከው ትኩስ ዳቦ ቀርቷል። በደጇ ሳልፍ ሰላምታዬን ትመልሳለች፤ ቀና ግን አትልም። አልቀየማትም። ከእናንተ ወርቃማ ቀለምና ከእኔ እውነት የትኛው ለእናት እንደሚሻል እኔም ብጠየቅ አላውቅም።

ክቡር ሆይ፣ በዚህ ደብዳቤ መጨረሻ አንድ ነገር እንድጠይቅዎ ደንቡ ያዝዝ ይሆናል። እገዳው እንዲነሳ አልጠይቅም፤ የሚነሳለት ልጅ አሁን የለኝም። ከሱቁ ጀርባ ካለችው ክፍል ውስጥ የተኛው ሌላ ሰው ነው፤ ሳናግረው «እሺ አባዬ» ይለኛል፣ የእኔን ጫማና ጃኬት ግን ሸጧቸዋል። ሐኪም ቤት ወስጄው ተኝቶ ለመታከም ተራ ያዙ ተብለናል። ሽቦን አስመርምሩ አልልም፤ አፈር መርምሮታል። ምርመራችሁ ይጥበቅ እንዳልል፣ ተቆጣጣሪው ፊቱን ሲያዞር ያዞረው ለጨዋነት ነው። ጥያቄ የሌለው ደብዳቤ በመጻፌ ጊዜዎን ስላባከንኩ ይቅርታ እጠይቃለሁ።

የላቀ ዕድሜና የማያቋርጥ የማዕረግ ዕድገት እየተመኘሁ፣ መቀሴን አስቀምጬ፣ ወገቤ በሚፈቅደው ሁሉ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣

የእናንተ ታዛዥ፣
ከአጥራችሁ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ፣
የአንድ እውነተኛ አመልካች አባት የነበረ

ድኅረ ጽሑፍ፤ ታናሽ ሴት ልጄ በሚቀጥለው ምልመላ ልታመለክት ቆርጣለች። ብለምናትም ብቆጣትም አልመለስም አለችኝ። ስለዚህ እንደ ቦርድ ሰብሳቢ ፊቷ ተቀምጬ፣ «ቀምሰሽ ታውቂያለሽ?» እያልኩ አለማምዳታለሁ። ዓይኗን ሳታርገበግብ «በጭራሽ» ትለኛለች። እውነቷን ይሁን ውሸቷን እኔ አባቷ መለየት አልቻልኩም፤ ለእናንተ ደርሳለች ማለት ነው።