ከበረሃው ተራራ ሥር ያልተጻፈው የንግሥቴ ዘሩ ስም

ወይዘሮ ንግሥቴ ዘሩ፣ በክርስትና ስማቸው ወለተ ሐና፣ ከአባታቸው ከአቶ ዘሩ አያሌውና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለም በላይ በ1966 ዓ.ም. ጅጋ አቅራቢያ ተወለዱ። ገና በልጅነታቸው ግድግዳውን በከሰል እየሞነጫጨሩ እናታቸውን አሳራቸውን ያሳዩአቸው ነበር።

በ1985 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በፍኖተ ሰላም ጨረሱ። የማትሪክ ውጤት ስላልመጣላቸው እዚያው ከተማ ታፔላ ከሚጽፉት ከአቶ ይርሳው ዘንድ ተቀጠሩ። አቶ ይርሳው በውትድርና ዘመናቸው ያዩትን የምሥራቁን በረሃ ተራራ እየሳሉ ለሆቴሎች የሚሸጡ፣ በእውነትም እጃቸው የተባረከ ሰው ናቸው። ይህን አንክድም፤ እኛ እንደ እሳቸው አይደለንም።

ትምህርቱ መገልበጥ ብቻ ነበር። የመምህራቸውን የተራራ ሥዕል ፊታቸው አቁመው ያንኑ ደግመው ደጋግመው ይስላሉ። ዛፍ የለ፣ ቤት የለ፣ ሰው የለ፤ ቅርቡ ተራራ ጥቁር ቡናማ፣ መካከለኛው ቀይ፣ የሩቁ ፈዛዛ ሰማያዊ፣ በቃ። ንግሥቴ ግን የጅጋ ልጅ አይደሉ? እጃቸው ሳያስበው ከተራራው ሥር አረንጓዴ ጣል ያደርጋል። አቶ ይርሳውም "አንቺ ልጅ፣ በረሃ ላይ ጤፍ ልትዘሪ ነው?" እያሉ በቀለም ይደፍኑታል። "ስምሽን የምትጽፊው ያንቺን ከእኔ መለየት ሲያቅተኝ ነው" ብለውም ቃል ገቡላቸው።

በ1990 ዓ.ም. አቶ ወንዳወቅን አግብተው ደጀኔንና ህይወትን ወለዱ።

ያ ቃል የተገባላቸው ቀን በ1994 ዓ.ም. መጣ። ሁለት ሥዕሎች ደጅ ተደርድረው ሳሉ አቶ ይርሳው "ይሄ የእኔ ነው" ብለው የንግሥቴን አነሡ። ንግሥቴ እልል አሉ። ስማቸውን ሊጽፉ ብሩሽ ሲያነሡ ግን "ቆይ፣ ቀለሙ ይድረቅ" ተባሉ። ያው ሥዕል ባሕር ዳር በተከፈተ ትርኢት ላይ፣ በአቶ ይርሳው ስም፣ አንደኛ ወጣ። ንግሥቴ "የእኔ ሥራ ነው" ቢሉ፣ አቶ ይርሳው በሰው ፊት ሳቅ አሉና "ይቺ ልጅ ስትገለብጥ ኖራ ኖራ መገልበጧን ረሳችው" አሉ። ሰውም ሳቀ። ኧረ እንዲህ ያለ ግፍ! አባቴ ብለው የጠሯቸው ሰው ነበሩ እኮ።

ብዙም ሳይቆዩ ጓዛቸውን ሸክፈው ቡሬ ገቡ። በዚያም ታፔላ እየጻፉ፣ የሆቴል ግድግዳ እየሳሉ፣ በያንዳንዱ ላይ ስማቸውን እያኖሩ ልጆቻቸውን አሳደጉ። የበረሃ ተራራ ግን ዳግመኛ አልሳሉም። ለምነው ለምነው የተመለሱ ባለሆቴሎች ዛሬ እዚህ መካከላችን አሉ።

በ2008 ዓ.ም. ክረምት በኩላሊት ሕመም ሲተኙ አቶ ይርሳው ልጠይቃት ብለው ሰው ላኩ። ንግሥቴም "ይምጡ፤ እንዲያውም ናፍቀውኛል። ግን ስሜን ይዘው ይምጡ" አሉ። ከዚያ ወዲያ ጠዋት ጠዋት "አልጋዬን ወደ በሩ አዙሩልኝ" ይሉ ነበር። አቶ ይርሳው አልመጡም።

ወይዘሮ ንግሥቴ ጥር 9 ቀን 2009 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም አረፉ። ባለቤታቸው፣ ሁለቱ ልጆቻቸውና ታናሽ እህታቸው እህተ ማርያም በሐዘን ቀርተዋል።

አቶ ይርሳው ትናንት ለቅሶ ቤት መጥተው "ስለ ተማሪዬ በቀብሯ ላይ ልናገር" ብለው ነበር። የእህታችንን ስም ይዘው መጥተው እንደሆነ ብንጠይቃቸው አቀርቅረው ወጡ። ስለዚህ የሚነበበው ይኸው ብቻ ነው።

የእጅን ሥራ ሁሉ ከነባለቤቱ የሚያውቅ አምላክ የእህታችንን የወለተ ሐናን ነፍስ በስሟ ጠርቶ ይቀበልልን። አሜን።