አባትህ ከሰረገላው ሥር

ልጄ ንዋይ፣ ኢየሩሳሌም ድረስ የመራህ አምላክ ከክፉ ይጋርድህ። እኛ ደህና ነን፤ ገብሱም አምሮበታል።

አባትህ የንጉሡ መድፍ በሚሠራበት በጋፋት መንደር ሰረገላ ጠጋኝ ሆነዋል። ማክሰኞ ምሳ ይዤላቸው ብሄድ፣ አጎትህ መርሻ ሰረገላውን በግንድ ፈንቅሎ ይዞታል፤ አባትህ ከሥሩ ሊገቡ ነው።

«ኧረ አንቱ፣ የሰው ክንድ ይዝላል! መጀመሪያ በድንጋይ ይደገፍ!» ብዬ ጮኽሁ።

እየሳቁብኝ ሰፋፊ ድንጋይ ደራረቡበት፤ መንኮራኩሩም እንዳይንሸራተት ድንጋይ አስነከሱት።

ገብተው ሚስማሩን ሲመቱ ግንዱ ቀጭ ብሎ ተሰበረ። ነፍሴ ልትወጣ! ሰረገላው ግን ድንጋዩ ላይ ተቀምጦ ቀረ። አባትህ አቧራ ለብሰው ወጡና ግንባሬን ሳሙኝ፤ በሰው ፊት!

አሁንማ «ትርንጎ ድጋፉን ካላየች አልገባም» ይላሉ።

ልጄ፣ ከሚመለሱት መነኮሳት ጋር የደህንነትህን ወሬ ላክልኝ። የመድኃኔዓለም ጥላ አይለይህ።

እናትህ ትርንጎ