ለቀመር ስለተሰጠው አንድ ቃል

ለተከበሩ ጓድ የወረዳችን ትምህርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ሮቤ

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ነው? የነሐሴው ብርድ ጉልበትዎን እንዳልነካው፣ ከሁሉም በላይ ጆሮዎ ደኅና እንደሆነ ተስፋ አደርጋለሁ፤ ጆሮ ያጣ ሰው በእርስዎ ወረዳ ምን እንደሚገጥመው አይቻለሁና። እኔ ሮቤ ገበያ ልብስ ሰፊ ነኝ። አሥራ ሁለት ዓመት የሞላት ልጄ ቀመር፣ በአራት ዓመቷ ማጅራት ገትር ታማ እሷ ስትተርፍ መስማቷ አልተረፈም። ይህን ደብዳቤ በቀበሌው ሰሌዳ ላይ የለጠፍሁት፣ ማኅደር ፍለጋ እንዳይቸገሩ በማሰብ ነው።

አንደኛ፣ ስለ መግቢያ ፈተናው አመሰግናለሁ። ቀመር ፊደል የለየችው እናቷ ጁሀራ መሠረተ ትምህርት ስትማር አጠገቧ ተቀምጣ ነው። የዘመቻ አስተማሪዋ ሠርከአዲስ ፊቷን ወደ ልጅቷ አዙራ፣ ቀስ ብላ እየተናገረች፣ በጠመኔ እየጻፈች አስተማረቻት፤ በሁለት ዙር እናቷን በለጠቻት። የእርስዎ ፈታኝ ግን በቃል ጽሕፈት ፈተኗት፣ ያውም ወደ መስኮቱ ዞረው እያነበቡ። ዜሮ አገኘች። የማትሰማ ልጅ እንደማትሰማ በፈተና ስለተረጋገጠ ድካማችሁ ከንቱ አልቀረም።

ሁለተኛ፣ መመሪያው «ማንም ሰው ከትምህርት ገበታ አይገለልም» እንደሚል በስብሰባ ያነበቡልን እርስዎ ነዎት። አጨበጨብን፤ ቀመርም እኛን አይታ አጨበጨበች። በኋላ ቢሮዎ ስመጣ «ማንም» በሚለው ውስጥ እነማን እንደማይገቡ በትዕግሥት አስረዱኝ። የለመንሁት ፊተኛው ወንበር ላይ እንድትቀመጥና መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ እንዳይናገር ብቻ ነበር። አንገት ለማዞር ከክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማ ከጎባ ፈቃድ እንደሚያስፈልግ አላወቅሁም፤ ይቅርታዎን።

ሦስተኛ፣ አዲስ አበባ ልዩ ትምህርት ቤት ውሰዳት ብለው መክረውኛል። ሄጄ ብጠይቅ ከስምንት ዓመት በላይ አንቀበልም አሉኝ። ለእርስዎ መጀመሪያ ያመለከትሁ ጊዜ ስምንት ዓመቷ ነበር።

አራተኛ፣ ባለፈው ማክሰኞ የመጨረሻ ማመልከቻዬን በቀመር እጅ ብልክ፣ ጸሐፊዎ ውሳኔውን ፖስታው ሳይታሸግ ለራሷ ሰጧት፤ ታነባለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? «ለደንቆሮ የሚሆን ቦታ የለንም» ይላል። የማትሰማ ማለትዎ ይሆናል፤ አገሩ ሁሉ እንዲህ ይላል፣ እኔም ስል ኖሬአለሁ፣ አላህ ይማረኝ። ቀመር ግን ቃሉን ከሰው አፍ ሰምታው አታውቅም። የምታውቀው ቀበሌው አዳራሽ ግድግዳ ላይ በትልቁ ከተጻፈው «ድንቁርናን እንደመስሳለን» ከሚለው ነው። ውሳኔውን ይዛ እዚያ ሄደች፤ ሁለቱን ቃላት አስተያየች። ከዚያ መጥታ ከስፌት መኪናዬ አስነሥታኝ፣ እጄን ይዛ ወሰደችኝና መጀመሪያ «እንደመስሳለን» የሚለውን፣ ቀጥላ የራሷን ደረት በጣቷ አሳየችኝ።

አይደለም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። አላመነችኝም፤ ውሳኔው የመንግሥት ማኅተም አለበት። ከዚያ ቀን ወዲህ ደብተሯን አልነካችም። ምዝገባው ጳጉሜን ሦስት ያበቃል። ከዚያ በፊት ስሟን ከመዝገቡ ላይ ቢያሰፍሩት፣ ለእሷ ከእኔ ይልቅ የእርስዎ ጽሑፍ ይታመናል።

ስለ ጊዜዎ እያመሰገንሁ፣ ወደ መስኮት ሳይሆን ወደ እርስዎ ዞሬ፣ በሙሉ አክብሮት እጅ እነሣለሁ።

ከማለዲን ጀሊል
ሮቤ፣ ነሐሴ 24 ቀን 1976 ዓ.ም.

ማስታወሻ፦ መልስ የሚያደርስ ሰው ካጡ በቀመር እጅ ይላኩት። ፖስታውን ግን እባክዎ ያሽጉት፤ ታነባለች።