እማዬ ለሞተሬ ያጠጣችው ጸበል

ለምናፍቅሽ ታላቅ እህቴ ለመቅደላዊት፣

እታለም፣ ከራስ ፀጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ እንዴት ነሽ? የጅዳ ሙቀት እንዴት አድርጎሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? የማዳምሽ ትንሹ ልጅ አሁንም ያለ አንቺ አልተኛም እያለ ያስቸግርሻል? እኛ ከአንቺ ናፍቆትና ከዚህ ከቦረና ብርድ በቀር ደህና ነን፤ ምስጋና ለፈጣሪ። እማዬም ደህና ናት፤ እንዲያውም ከሚገባው በላይ ደህና ናት፤ ወደ ኋላ እነግርሻለሁ።

ስለ ሞተሬ ደጋግመሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ የሚወራ ስላልሆነ ነው በጽሑፍ ያልኩት። የእትዬ አስቻለችን ልጅ ደሳለውን ታውቂዋለሽ፤ ያ ፍንጭቱ፣ ሠርግ ሲያይ እግሩ መሬት የማይነካው። በታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ከብት ከትቤ ስመለስ ከፊቴ በሞተሩ እየሄደ ነበር። ከሰፈራቸው በላይ ያለው ኩርባ ላይ አንድ የጭነት መኪና መስመሩን ስቶ መጣበት። የቀረውን አልጽፍልሽም። ነጩን የሥራ ጋወኔን አውልቄ ሸፈንኩት። እሱን ለብሶ ነው ወደ እናቱ ቤት የገባው።

ከዚያ ወዲህ ሞተሩ ላይ መቀመጥ አቃተኝ። የእንስሳት ጤና ቢሮው ንብረት ነውና ይዤው መግባት ግን አለብኝ፤ ስለዚህ ጠዋት እየገፋሁ እሄዳለሁ፣ ማታ እየገፋሁ እመለሳለሁ። ሄልሜቱንም አላወልቅም፤ ሲገፉም መውደቅ አለ ብዬ ነው። የመካነ ሰላምን ሰው ታውቂው የለ? አንዱ «ሙሉሐረግ፣ ስንት ትይዋለሽ?» ይለኛል፤ ሌላው «ኧረ ደክሞታል፣ ውሃ አጠጪው!» ይላል።

ሳቁን ችዬው ነበር። ያልቻልኩት አብሮኝ የሚሠራውን አበጋዝን ነው። «ቁልፉን ለእኔ ስጪኝና አንቺ ቢሮ ቁጭ ብለሽ ስልክ አንሺ» ይለኝ ጀመር። ኃላፊያችንም የአባ ሰንጋ ክትባት እስኪጀመር ካልነዳሽ ሞተሩ ለእሱ ይሰጣል አሉኝ። እታለም፣ ያንን ሞተር ስለምድ ስንቱ ሴት አይደለሽም ወይ እያለ እንደሳቀብኝ አንቺ ታውቂያለሽ። ያንን ቁልፍ አበጋዝ ኪስ ውስጥ ሲንቀጨቀጭ ከምሰማ ጆሮዬ ቢደነቁር ይሻለኛል።

ይህን ጊዜ እማዬ ጣልቃ ገባች። መምሬ ሞላን ጠርታ ሞተሩን ጸበል አስረጨችው። ጎረቤታችን እትዬ ፊርደውስም «የእናንተ ብቻ አይበቃውም» ብላ መጥታ ዱዓ አደረገችለት። በሁለት በኩል የተጠበቀ ሞተር ማን ይነካዋል ብዬ በነጋታው ጨክኜ ተቀመጥኩበት። ነዳሁት እኮ! ገበያው መሃል ስደርስ ግን ሳል አለው፣ አነጠሰው፣ ቀጥ አለ። ገበያ ቀን ነው፤ አገር ምድሩ ያየኛል። ይሄ ነገር ፈጣሪ ‹ተይው› ሲለኝ ነው አልኩና ቁልፉን ላስረክብ ቆርጬ፣ እንባዬን እየጠረግሁ ወደ መካኒኩ ወደ ወንድዬ ገፋሁት።

ወንድዬ ከታንከሩ ቀድቶ አየና «እዚህ ውስጥ ውሃ አለ» አለ። ተከትላኝ የመጣችው እማዬ «ምን ውሃ ትላለህ! ጸበል ነው!» ብላ ጮኸችበት። ለካ መምሬ ሞላ ከሄዱ በኋላ የተረፈውን ጸበል በሙሉ ቤንዚን ማስገቢያው ውስጥ ገልብጣዋለች። «ሰው ተረጭቶ ብቻ ይድናል? ይጠጣል እንጂ!» ትላለች፣ ጭራሽ በእኛ አላዋቂነት እየተገረመች። ወንድዬ ኮፍያውን አወለቀ። ጸበል ነውና ሜዳ ላይ አይደፋ፣ ቤንዚን ነውና አይጠጣ። መምሬ ሞላ ተጠየቁ። ብዙ አስበው፣ ሰው የማይረግጠው እሳትም የማይደርስበት ቦታ ይፈለግለት አሉ። እንዲህ ያለ ቦታ እስኪገኝ ድብልቁ የተቀዳበት ጀሪካን ጋራዡ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል፤ ሰው ሲገባ ይሳለመዋል።

እኔ ግን አንድ ነገር ገባኝ። ፈጣሪ ምንም አላለኝም፤ ሁሉም የእማዬ ሥራ ነው።

ወዲያው የደሳለው አርባ ደረሰ። በዕለቱ ሚኒባስ ጠፋ። እማዬ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣችና ከሞተሩ ኋላ ጉብ አለች። «ከወደቅንም አብረን ነው፤ ንጂ» አለችኝ። ማጽናኛዋን አየሽልኝ? ከወንድዬ የተዋስነው ሄልሜት ሻሿን አልፎ አልገባ ብሎ ከላይ እንደ ዘውድ ተቀመጠ። አንደኛ ማርሽ ላይ ሆኜ ቁልቁለቱን ጀመርኩት። ጤፍ የጫኑ አህዮች ቀደሙን። የአህዮቹ ባለቤት ጋሽ አለምነው ከጎናችን እየተራመደ የልጁን ሠርግም፣ የጥጃዋን መጥፋትም ለእማዬ አውርቶ ጨረሰና «በሉ እኔ እቸኩላለሁ» ብሎ ጥሎን ሄደ።

ኩርባው ጋ ስደርስ ቆምኩ። እስከዚያ ድረስ ጻድቃን ሰማዕታቱን በየተራ ስትጠራ የነበረችው እማዬ ግንባሯን ጀርባዬ ላይ አስደግፋ ስታለቅስ በጃኬቴ በኩል ተሰማኝ። ለካ እሷም ስትፈራ ኖሯል። ከዚያ «አብሽሪ ልጄ፤ አስቻለች ትጠብቀናለች» አለችኝ። ማርሽ አስገባሁ።

ደጃፉ ላይ ሌላ ጭንቀት ያዘኝ፤ የሞተር ድምፅ ስትሰማ የእናት አንጀት እንዴት ይሆን? እትዬ አስቻለች ከድንኳኑ ወጣች። መጀመሪያ የሞተሩን መሪ በእጇ ዳሰሰችው። ከዚያ ወደ ቤት ገብታ ጋወኔን ይዛልኝ መጣች፤ ታጥቦ፣ ነጥቶ፣ ታጥፎ። «ልጄን ብቻውን አልተውሽውም። ላሞቼንም እንዳትተዪብኝ፤ ክትባቱ ሲመጣ ይሄን ለብሰሽ ነይ» አለችኝ። እሺ ብዬ በሁለት እጄ ተቀበልኳት።

ክትባቱ የተጀመረ ዕለት ጋወኔን ለብሼ ወጣሁ፤ መጀመሪያ የሄድኩት እሷ ቤት ነው። አበጋዝ ቢሮው በር ላይ ቆሞ ሎሚ እንደመጠጠ ሰው ሸኘኝ።

አሁን ያስቸገረችኝ እማዬ ናት። በእግሯ መሄድ ትታለች። ለቤተ ክርስቲያን፣ ለለቅሶ፣ ለገበያ «ሙልዬ፣ አስነሺው» ነው። ትናንትና ደግሞ ከኋላዬ ሆና «ምነው፣ አህያ ይቅደመን?» ብላ ጎሸመችኝ። ስለዚህ እታለም፣ ሰው ሲመጣ ሻሽ ላይ የሚገባ ሰፋ ያለ ሄልሜት ላኪላት። ቀይ ይሁንልኝ ብላለች።

እማዬ ጉንጭሽን አገላብጣ ትስምሻለች። ወንድማችን ይሄነው ናፍቀሽኛል ይልሻል። እትዬ ፊርደውስ ዱዓዋ ካንቺ አይለይም። መምሬ ሞላ ከዚህ ሆነው ባርከውሻል። ወንድዬም ጀሪካኑ ደህና ነው በይልኝ ብሏል።

ሁለተኛ ማርሽ የገባችው እህትሽ፣
ሙሉሐረግ
መካነ ሰላም፣ ጥር 30 ቀን 2017 ዓ.ም.