ሩዙ በቀኝ፣ ሾርባው በግራ

በቶንግዮንግ ባሕር ዳር ላለሽው እህቴ፤

እንደምን ከርመሻል? እዚህ አንዶንግ ክረምቱ ሳይገባ ነፋሱ ቀድሞ ገብቷል፤ እናንተ ዘንድ ደግሞ ከውሃው የሚነሳው ብርድ አጥንት ይሰብራል ይላሉ። እጆችሽ እንዴት ናቸው? ቀኑን ሙሉ ቆመሽ የባሕር ዛጎል ስትፈለፍዪ እንደምትውዪ ሰምቻለሁ፤ ከማን እንደሰማሁ ወደ በኋላ እነግርሻለሁ። ጓንቱን ደርበሽ አድርጊ፣ አንዱ ብቻ አይበቃም። ጉልበትሽስ? ያኔም ገና በልጅነትሽ ከወለል ስትነሺ ቀኙ ቋ ይል ነበር።

እኔ ደህና ነኝ። የደም ግፊት አለብሽ ብለውኝ ጨው ቀንሻለሁ፤ ጨው የሌለው የጎመን ኪምቺ ምን እንደሚመስል አንቺው ገምቺው። ባለቤቴም ደህና ነው ይላሉ። የጓሮው ፖም ዘንድሮ ብዙ አፍርቷል፤ ማን እንደለቀመው አላውቅም።

እስካሁን ማን እንደሚጽፍልሽ ገብቶሻል። እባክሽ ወረቀቱን አትቅደጂው። ብትቀድጂውም አልፈርድብሽም። የምጽፍልሽ ስለዚያች ማለዳ፣ ስለ አማታችን ቁርስ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የዋጥኩትን ላወጣውና አንድ ነገር ልለምንሽ ነው። ግን ታውቂኛለሽ፤ እኔ ጨው ልገዛ ስወጣ እንኳ በሦስት ጎረቤት ዞሬ ነው የምሄደው። እንደ ልማዴ ዞሬ ልምጣ፣ ታገሺኝ።

ሥራ ይዣለሁ። ከወንዙ ማዶ፣ ድሮ የአንድ ሀብታም ቤት የነበረው ባለ ጥቁር ሸክላ ጣሪያው ግቢ ሙዚየም ሆኗል። እንግዶች በአውቶቡስ ይመጣሉ። መጀመሪያ የእንጨት ጭንብል ቀለም ይቀባሉ፣ ቀጥሎ በትልቅ መዶሻ የበሰለ ሩዝ ይወቅጣሉ፣ መጨረሻ ላይ እኔ ጋ መጥተው የሙት ዓመት ማዕድ አደራደር ይማራሉ። ይኸኔ ትስቂያለሽ። እኛ ወገባችን እስኪቆረጥ ስናደርገው የኖርነውን ሰው ትኬት ቆርጦ፣ ተሰልፎ፣ ፎቶ እየተነሳ ያደርገዋል።

ከሩዙና ከሾርባው በቀር ምግቡ ሁሉ ሰም ነው። ዓሣውም ሰም፣ ፖሙም ሰም። ባለፈው ወር አንድ ቀይ ጢም ያለው ፈረንጅ ፖሙን አንስቶ ገመጠው። ጥርሱ ታትሞበት ቀረ፤ ከዚያ ወዲህ ያንን ጎኑን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የማስቀምጠው። የሟቹ ስም የሚጻፍበት ወረቀት ባዶ ነው፤ የሰው ስም መጻፍ አይሆንማ። የተማሪ ቤት ልጆች ሲመጡ፣ “አክስቴ፣ የሞተው ማነው?” ይሉኛል። ማንም አልሞተም፣ ለልምምድ ነው እላቸዋለሁ። ያዝናሉ። አለቃችን ወይዘሪት ፒዮ ገና ሠላሳ ያልሞላት ልጅ ናት፤ ከበር ላይ ቆማ በጣቷ አፏን ወደ ላይ እየሳበች ፈገግ በዪ ትለኛለች። ሰዎቹ ለመዝናናት ነው የመጡት ትላለች። እውነቷን ነው፤ እላለሁ ፈገግ።

ዋናው ትምህርቴ የሳሕኑ ጎን ነው። በሕይወት ላለ ሰው ሩዙ በግራው፣ ሾርባው በቀኙ። ለሙት ግልብጡ፤ ሩዙ በቀኙ፣ ሾርባው በግራው። ይህን በቀን አራት ጊዜ እናገራለሁ። በቀን አራት ጊዜ አንቺ ትሪ ይዘሽ ፊቴ ትቆሚያለሽ።

እንግዲህ ፖም መቅላት በጀመረበት ሰሞን ከእናንተ ከተማ አንድ አውቶቡስ ሙሉ ሴቶች መጡ። ሁሉም ጸጉራቸውን አንድ ዓይነት ጠቅልለውታል፣ ድምፃቸው ደግሞ ግቢውን ሞላው። የባሕር ሰዎች አይደሉ፤ ገና ሲገቡ የሰሙን ኦክቶፐስ ከበቡት። አንዷ በጣቷ ቆጠረችና፣ “እህት፣ ይኼ እኮ ሰባት እግር ነው ያለው። ስምንተኛውን ማን በላው?” አለችኝ። ስቆጥረው እውነትም ሰባት ነው። ዓመት ሙሉ አብሬው ስውል አላየሁትም። ወይዘሪት ፒዮ ደነገጠች፤ እነሱ ግን ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ፣ እኔም ሳቅሁ። ከስንት ጊዜ በኋላ እንደሆነ እንጃ።

ሩዝና ሾርባው ጋ ስደርስ ያችው ሴት፣ ኦክቡን ትባላለች፣ ለጓደኞቿ የእኛዋን ሴትዮ ይዘናት መምጣት ነበረብን አለቻቸው። አብራቸው የምትሠራ አንዲት ሴት አለች አሉኝ፤ አነጋገሯ የዚህ የአንዶንግ ይመስላል አሉ። ሩዝና ሾርባ ለየብቻ አድርጋ በልታ አታውቅም። ሩዙን ሾርባው ውስጥ ትገለብጠውና ትበላለች፤ በሠርግም ቢሆን፣ በሰው ቤትም ቢሆን። ለምን ሲሏት የምትመልሰው አንድ ነው።

“አንድ ሳሕን ግራና ቀኝ የለውም ትላለች” አለች ኦክቡን።

ሴቶቹ እንደገና ሳቁ። በቀን አራት ጊዜ የምለው ጠፋኝ። ኋላ ኦክቡንን ለብቻዋ ጠርቼ፣ ስትነሳ ቀኝ ጉልበቷ ቋ ይላል ወይ ብዬ ጠየቅኋት። ይላል እንጂ፣ በምን አወቅሽ አለች። አድራሻሽን የጻፈችልኝ እሷ ናት፣ በትኬቷ ጀርባ ላይ። አትቆጫት፤ ደስ ይልሻል ብላ ነው።

አሁን ወደዚያች ማለዳ ደረስኩ።

የባለቤቴ አያት ሙት ዓመት ማግስት ነበር። በዚያ ወር ሦስተኛው የሙት ዓመት ማዕዳችን ነው፤ የመጥበሻው ዘይት ሽታ ከጸጉራችን አልለቀቀም ነበር። አማታችን በሞቀው ክፍል ተኝተዋል፣ ሳሉ ጸንቶባቸዋል። አንቺ ጓሮ ተቀምጠሽ የነሐስ ዕቃውን ስታጥቢ ነበር። ሩዙን የጨለፍኩት እኔ ነኝ። ሾርባውን የቀዳሁት እኔ ነኝ። እጄ ለሙታን ሲደረድር የሰነበተ እጅ ነበር፤ አእምሮዬ ሌላ ቦታ ሄዶ እጄ የለመደውን አደረገ። ከዚያ ጠራሁሽ። ትሪ መሸከም የታናሽ ምራት ሥራ ነው። እጅሽን በቀሚስሽ ጠርገሽ ተቀበልሽኝ፣ ይዘሽ ገባሽ።

አማታችን ትሪውን አዩና፣ “ገና ሳልሞት የሙት ቁርስ አመጣሽልኝ?” አሉሽ። በአሥራ ስምንተኛው ቀን አረፉ። ሐኪሙ ሳንባቸው ነው ብሎ ነበር። ግን በዚያ ቤት ሐኪም የሚለውን ማን ይሰማል።

ከቀብሩ በኋላ የባሎቻችን አጎት ዘመዱን ሁሉ ሰብስበው ጠየቁ። እህቴ፣ ቃላቸውን ታስታውሺዋለሽ? ትሪውን ማን አዘጋጀው አላሉም። ማን አስገባው ነው ያሉት። አንቺ ቀና ብለሽ እኔን አየሽኝ። እንድናገር ጠበቅሽኝ። እኔ ደግሞ ተናገርኩ።

“ልጅ ናት፤ እባካችሁ ይቅር በሏት” አልኩ።

ይቅር በሏት! ዝም ብል እንኳ ይሻል ነበር። ዝምታ ለሁለታችንም ይበቃን ነበር፤ ያ ልመና ግን ጥፋቱን አንቺ ላይ ማኅተም አደረገበት። ሰዉ ሁሉ ስለ ደግነቴ አመሰገነኝ። ታላቅ ምራት ማለት እንዲህ ናት አሉ። እነሱ ሲያመሰግኑኝ አንቺ አሁንም ታዪኝ ነበር፤ ከዚያ ዓይንሽን ከእኔ ላይ አነሳሽው፣ ከዚያ ወዲያም አላየሽኝም። ባልሽ ካንቺ እጅ ትሪ መቀበል ሲተው፣ በአራተኛው ወር ቦርሳሽን አንግበሽ ወጣሽ። እኔ ጓዳ ነበርኩ። የበሩን ድምፅ ሰምቻለሁ። አልወጣሁም።

ለዓመታት፣ ምናልባት ስታስገቢው ትሪውን አዙረሽው ይሆናል እያልኩ እንቅልፍ ተኝቻለሁ። እንዲህ ያለው ነገር ቀስ በቀስ እውነት ይመስላል። ግን ማንኪያው በቀኛቸው በኩል ነበር፣ እንደ ወጉ። ትሪው ቢዞር ኖሮ ማንኪያውም ይዞር ነበር። ትሪው አልዞረም።

ኦክቡን ከሄደች በሁለተኛው ሳምንት የአማታችን ሙት ዓመት ደረሰ። ዛሬ ዛሬ በጊዜ ነው የሚደረገው፣ ወጣቶቹ መኪና ነድተው መመለስ ስላለባቸው። ወንዶቹ ሊሰግዱ ተሰልፈዋል፣ አጎታችን ሰማንያ አራት ሞልቷቸው ሁለት ሰው ደግፏቸው ቆመዋል። እኔ ከጓዳው በር ላይ ነኝ። እዚያ በር ላይ ሠላሳ ዓመት ስቆም ከ“ዝግጁ ነው” በቀር ቃል ወጥቶኝ አያውቅም።

“ያንን ትሪ ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። እሷ የተሸከመችው ብቻ ነው” አልኩ።

ምን እንደሚመጣ ብዙ አስቤ ነበር፤ ግን ዞሮ ያየኝ እንኳ የለም። ከዚያ ሰገዱ። በተራ በተራ ሰገዱ፣ የሩዙን ጠጅ ቀዱ፣ የስሙን ወረቀት አቃጠሉ። ማዕዱ ሲነሳ አጎታችን ጠሩኝና ቁጣ በሌለው ድምፅ መከሩኝ። የሞተ አይነሳ፣ የሄደች አትመለስ፤ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አሉኝ። እኔም እሺ ማለት የለመደ አፌን አስገድጄ፣ እሷ መስማት አለባት፣ ልጽፍላት ነው አልኩ። ሰው ሁሉ ሲሄድ፣ ባለቤቴ ኮቱን እየሰቀለ፣ ጀርባውን እንደሰጠኝ ተናገረ።

“ከዚህ ቤት ሆነሽ ግን አትጽፊውም።”

ይኸው፣ ደብዳቤው የተጻፈው ከሙዚየሙ ጀርባ ካለች ክፍል ነው። አታስቢ፣ ደህና ክፍል ናት። ወለሉ ቶሎ ይሞቃል፣ ለሥራም ቅርብ ነው፣ በዝናብ እንኳ ጃንጥላ አልይዝም። ጠዋት አውቶቡሶቹ ሲገቡ ከመስኮቴ አያቸዋለሁ። እንግዶቹ ጥሩ ሰዎች ናቸው፣ ያመሰግኑኛል፣ አብሬያቸው ፎቶ እነሳለሁ። በስንት አገር ሰው ቤት ፎቶዬ ተቀምጦ ይሆን? ማታ በሩ ሲዘጋ ግን ግቢው እንዴት ጭር እንደሚል ልነግርሽ አልችልም። ከሬዲዮኑ ጋር ማውራት ጀምሬያለሁ። የአየር ጠባይ ለሚናገረው ሰውዬ እመልስለታለሁ፤ ነገ ይዘንባል ሲል እሺ ጎሽ እለዋለሁ።

ይህንን ያልኩት እንድታዝኚልኝ አይደለም። ማዘን የኔ ድርሻ ነው። በዚያ ቀን ተሰብስበው ለነበሩት ሰባት ቤቶች ሁሉ፣ ባልሽ ለነበረውም ጭምር፣ ነገሩን እንደነበረ በእጄ ጽፌ ስሜን ፈርሜ ልኬላቸዋለሁ። እኔ እንደምታውቂው ትምህርቴ ጥቂት ነው፤ ሰባቱን ለመጻፍ ስድስት ቀን ፈጀብኝ። የመለሰልኝ የለም። ቢሆንም ከእንግዲህ ማንም ስምሽን በዚያ ነገር ሲያነሳ፣ ቤቱ ውስጥ መሳቢያ ከፍቶ የሚያነበው ወረቀት አለ።

የምለምንሽ እንግዲህ ይህ ነው። ይቅር በዪኝ አልልሽም፤ ያቺን ቃል ያኔ አበላሽቻታለሁ። አንድ ጊዜ ነይና ፊት ለፊት ተቆጪኝ። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥሽ ያለውን ሁሉ በዪኝ፤ በሌለሁበት ሳይሆን በጆሮዬ ልስማው። ያ ቤት አያሰጋሽ፣ በዚያ በኩል አናልፍም፣ እኔም አላልፍም። ሙዚየሙ ሰኞ ሰኞ ዝግ ነው፤ ከናንተ የሚነሳው የእሑድ አውቶቡስ ከቀትር በኋላ ይደርሳል ብለውኛል። ክፍሏ ጠባብ ናት፤ ግን ሁለት ፍራሽ ታስነጥፋለች። ለክቼዋለሁ።

ባሕሩ ይራራልሽ። ጉልበትሽ ይጽናልሽ፣ ጣቶችሽን ብርድ አይንካቸው። አብረውሽ የሚሠሩት ሴቶች እንደሚስቁት አንቺም የምትስቂበት ዘመን ይምጣልሽ። እሑድ እሑድ ከአውቶቡስ ጣቢያው አልጠፋም።

የዚያ ቤት ታላቅ ምራት የነበርኩት፣
ታላቅሽ